የእኔ ጣሪያና የአዋጁ ጣሪያ

ሰሞኑን ሚሊየነር መሆኔን ሰማሁ። ያበሠረኝ ደላላ ነው። ዳሞታ ተራራ ዳመናውን ተከናንቦ ሶዶ ላይ ዶፉን ሲያወርድ፣ ይህ ልጅ ደጄ ቆሞ ግቢዬን በዓይኑ እየለካ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሚሊዮን ላይ ነው የተኙት!» አለኝ። እኔ የምተኛው ሣር ፍራሽ ላይ ነው። ያውም ከሳፋ አጠገብ፤ ቆርቆሮው ያፈሳል።

ቤቱን በ1974 ዓ.ም. ስሠራ ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካሁት በገዛ እግሬ ነው። ደርግ በ1967 ትርፍ ቤት ሲወርስ እኔ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም አልነበረኝምና ተረፍኩ። በ1968ቱ አዋጅ የመጣውን፣ «ጣሪያና ግድግዳ» የምንለውን ግብር ግን አንድ ዓመት አላጓደልኩም። ደረሰኞቹ በክር ታስረው ከመጽሐፍ ቅዱሴ ሥር አሉ።

አሁን በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ ደግሞ የሚያየው የቤቱን ዋጋ ነው። ነሐሴ 2015 ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን አደባባይ ወጥቼ አጨብጭቤያለሁ። ለገዛ ግብሬ እንደማጨበጭብ ማን ነገረኝ?

ልጄ ሊያጽናናኝ ሞከረ። «አባባ፣ አትስጋ፤ ጣሪያ አለው። ለቤት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው።» ጣሪያው የተሠራው ለመቶኛው ነዋ! ለቤቴ ዋጋ ማን ጣሪያ ሠራለት? እንሰቴ ያው እንሰት፣ ጭቃዬ ያው ጭቃ። ጎረቤት ፎቅ ባቆመ ቁጥር የሚወደደው የእኔ ጎጆ ነው። ጡረታዬን የሚያስወድድ ጎረቤት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የእህቴ ልጅ ከካሊፎርኒያ ሲደውል ይህንኑ አጫወትኩት። እዚያም ልኩ 1 በመቶ ነው አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ለግብር የሚታሰበው ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ አስሯል። ስለዚህ ነባሩ ሽማግሌ ትናንት ከገዛው ጎረቤቱ እጅግ ያነሰ ይከፍላል። ወጣቶቹ ያማርራሉ አለኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ወጣት ብሆን አማርር ነበር። ግን ወጣት አይደለሁም።

ግብሩ ለመንገድና ለውሃ ነው ይላሉ፤ ይሁን፣ መንገድ አልጠላም። ልጆቼ ለጊፋታ በዓል ቆርቆሮውን እንቀይርልህ ብለው ምስማር ሳይቀር ገዝተው መጡ። ከለከልኳቸው። ገማቹ እስኪመጣ ድረስ ያፍስስ። ባለቤቴም ሁለተኛ ሳፋ ገዝታለች፤ እንግዳው የሚቀመጥበት በኩል ታኖረዋለች።