ነገረ ሳቶሺ፦ አጭር መግቢያ

ነገረ ሳቶሺ ቢትኮይንን የፈጠረውን፣ ሳቶሺ ናካሞቶ የተባለውን አካል የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። «አካል» ያልነው አንድ ሰው ይሁን ማኅበር ሊቃውንቱ ስላልተስማሙ ነው። ዋናው ምንጭ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2008 በሳቶሺ ስም የወጣ ባለ 9 ገጽ ጽሑፍ ሲሆን፣ ስለ ገንዘብ ብቻ ስለሚያወራ ለዘርፉ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው በቃላቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ሳቶሺ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ሁለት ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ስለዚህ በታይፕ ዘመን ያደገ ሰው ነው። አንዳንድ ቃላትን እንደ እንግሊዞች ይጽፋል፤ ስለዚህ እንግሊዛዊ ነው። በግሪኒች አቆጣጠር ከንጋቱ 11 እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድምፁ አይሰማም፤ ይህ ደግሞ በኒውዮርክ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ስለሆነ አሜሪካዊ ነው። (እንግሊዛዊ እስከ ረፋድ አይተኛም የሚለው ግምት ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።) እሱ ራሱ ጃፓን እኖራለሁ ብሏል፤ የባለቤቱ ቃል ስለሆነ ግን ከማስረጃ አይቆጠርም።

ስሙን እንደ ቅኔ የፈቱም አሉ፦ ሳ ከሳምሰንግ፣ ቶሺ ከቶሺባ፣ ናካ ከናካሚቺ፣ ሞቶ ከሞቶሮላ። ሰሙ ሰው፣ ወርቁ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ።

የዘርፉ ጽኑ ሕግ ግን አንድ ነው፤ «አይደለሁም» ያለ እሱ ነው። በ2014 አንድ የአሜሪካ መጽሔት በካሊፎርኒያ ስማቸው የገጠመ አዛውንት ላይ ጣቱን ቀሰረ። እሳቸው ካዱ፤ ለምሳ ሲወጡ እንኳ ጋዜጠኞች በመኪና ተከተሏቸው። በ2024 አንድ ዘጋቢ ፊልም ካናዳዊውን ፒተር ቶድን ጠቆመ፤ እሱም ካደ፤ ጥርጣሬው ጠነከረ። በተቃራኒው አውስትራሊያዊው ክሬግ ራይት «እኔ ነኝ» ብሎ ለዓመታት ተሟገተ፤ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2024 አይደለህም አለው። ሳቶሺ አለመሆኑ በዳኛ የተረጋገጠለት እንግዲህ እሱ ነው፤ እኔና እርስዎ ገና ነን።

ለሰፈራችን አጥኚ የሚከብደው ሌላ ነው። የዕቁብ ሰብሳቢ ሲሰወር የሚፈለገው ገንዘቡን ይዞ ስለሄደ ነው። ሳቶሺ ግን በ2011 ሲሰወር፣ የእሱ ነው የሚባለውን አንድ ሚሊዮን ገደማ ቢትኮይን እንዳለ ትቶታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈለግበት ደንብ በእኛ ዘንድ የለም።

ያለው የእንቆቅልሽ ደንብ ነው፤ መልሱን ያጣ ሀገር ይሰጣል። ኤል ሳልቫዶር በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጋ ደንቡን ፈጸመች። በጃንዋሪ 2025 ሕጉን አሻሽላ መቀበሉን በውዴታ አደረገችው። የተሰጠ ሀገር መልሱ ሳይገኝ ይነጠቅ እንደሆነ ጨዋታው የሚለው የለም።