ቁርስን ጨምሮ

ለአንድ ሰው ስድስት ትራስ ምን ይሠራለታል? አራቱን አንስቼ ወንበሩ ላይ ብደረድራቸው ወንበሩ ሞላና ጋቢዬን የማኖርበት ጠፋ። ብርድ ልብሱንም ከፍራሹ ሥር እንዲህ ጠቅጥቀው አስረውታል፤ ሰው ሊያስተኙበት ሳይሆን ጤፍ ጭነው ወረታ ገበያ ሊያወርዱበት ይመስላል። በዚህ ጎን ስፈታው በዚያኛው እየጠበቀ፣ ሊያሳርፈኝ የተዘጋጀው አልጋ ሳልተኛበት አደከመኝ። ይኸ እንግዲህ ቦሌ ያለ፣ ሦስት ኮከብ በሩ ላይ የለጠፈ፣ «ቢዝነስ ሆቴል» የሚባል ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱም ልጅ ያሳድግበታል።

ቢዝነስ ይበሉት እንጂ ነጋዴ አላየሁበትም። የእኛ አገር ነጋዴ መርካቶ ሲመጣ ጎጃም በረንዳ ነው የሚያድረው፤ ዕቃው ካለበት አይርቅም። እዚህ ያየሁት ሁሉ ተሰብሳቢ ነው። እኔም ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ተጠርቼ የመጣሁት ስለ ባህላዊ ሽምግልና እንድናገር ነው። እኛ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን በአንድ ከሰዓት የምንጨርሰውን፣ እነሱ አምስተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይተው፣ ደብተርና እስክሪብቶ አድለው፣ «ባለድርሻ አካላት» ብለው አንገታችን ላይ ስም አንጠልጥለው ይጀምሩታል። መጨረሱ ለሁለተኛው ዙር ይተላለፋል።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ገና ሲያየኝ «ፋዘር፣ ከዘራዋን ማሽኑ ላይ ያድርጓት» አለኝ። ፋዘር! አባቱ የት ወድቆ ነው እኔን በፈረንጅ አፍ የሚያሳድደኝ? ከዘራዬ በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ወጣች፤ ንጹሕ ሆና ተገኘች። ስንቄ ግን ተያዘ። በሶ ነው፤ ከጉና ሥር የተለቀመ ገብስ፣ ተቆልቶ የተፈጨ። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ፤ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። መልካም አልሁት፤ በሶ ሲጨበጥ ምግብ ነው፣ ሲበጠበጥ መጠጥ ነው፣ አሁን ግን እንዳየኸው አልተጨበጠም፣ አልተበጠበጠም፤ በየትኛው ሕግ ነው የምትይዘው? ልጁ መልስ አጣ። መልስ ባያገኝም በሶውን አልለቀቀም፤ ቁጥር ለጥፎ ዕቃ ክፍል አስገባው።

ከዚያ መዝጋቢዋ ዘንድ ደረስሁ። መልከ መልካም ልጅ ናት፤ አነጋገሯም ጨዋ ነው፣ እርስዎ ትላለች። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ጻፈች። «ኢሜይል?» አለች፣ የለኝም አልኋት። «ከየት ነው የመጡት?» አለች፣ ከመካነ ኢየሱስ። ይኸኔ ፈገግ ብላ የሆነ ነገር ቸክ ቸክ አደረገችና አለፈች። ምን እንደጻፈች የገባኝ በማግሥቱ ነው። ከወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተላክሁ አድርጋ መዝግባኛለች! እርሷን ቤተ ክርስቲያን አልነካም፤ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመች፣ ብዙ ምእመን ያላት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሠራች ናት። እኔ ግን ሰንበቴ የምጠጣ፣ ማኅበር የምበላ፣ ንስሐ አባት ያለኝ የእስቴ ሰው ነኝ። የእኛ መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለ ከተማ ነው። አስተዳደር አለው፣ ገበያ አለው፣ መናኸሪያ አለው። የአዲስ አበባ ልጅ ዱባይን ያውቃል፣ እስቴን አያውቅም።

ነገሩ በስም ብቻ ቢቀር በሳቅሁ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። በዚያ ምዝገባ የተነሳ «የማይጾም» ከሚባሉት ጋር ሰፍሬ፣ በሦስቱም ቀን ስሜ ከጥብስ ጋር ተጽፎ ቆየኝ። «አልጋው ቁርስን ጨምሮ ነው» ብላኝ ነበር ልጅቱ፣ እንደ ምሥራች። በጾም የእኔን ዕድሜ የደረሰ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል አይቀምስም፤ ቁርሱ ደግሞ በአራት ሰዓት ይነሣል። የሚገርመው ወረቀቱ ላይ የጻፉት «6:30 – 10:00» ብለው ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑ ነው። እስኪ አስቡት፤ በእኛ ሰዓት ቢሠሩበት ኖሮ ከስድስት ተኩል እስከ አሥር፣ ለጾመኛ ልክ የተሰፋ ቁርስ ነበር! ዘጠኝ ላይ እጄን ታጥቤ እቀርብ ነበር። የሰው ሰዓት ሲዋሱ የራስን ሆድ ማስራብ ማለት ይኸ ነው።

እንግዲያውስ የቁርሱን ሒሳብ ቀንሱልኝ አልሁ። «ፓኬጅ ነው አባቴ፣ አይነጠልም።» ቋጥሩልኝና በሰዓቴ ልብላው አልሁ። «ከአዳራሹ ምግብ ማውጣት አይፈቀድም።» ከውጭ አይገባም፣ ከውስጥ አይወጣም! እኔ ውኃ ቀርቦልኝ ተቀምጬ፣ አበሉ በኪሱ ያለ ጎልማሳ ሦስተኛ ሳሕኑን በእንቁላል ሲቆልል አየሁ። የእኔንም ድርሻ ሳይበላልኝ አልቀረም።

ያዳነኝ አንድ አስተናጋጅ ነው። በአነጋገሬ ለየኝ። «አባ፣ ከወዴት ነዎት?» ከእስቴ አልሁት። «እኔ ከሲማዳ ነኝ፣ ከወገዳ» አለና እጄን ሳመ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በጓሮ ደረጃ እያወረደ ከሠራተኞቹ ማእድ ያቀርበኝ ጀመር። ሽሮው እየተንተከተከ ይመጣል፤ እንጀራው የዕለት ነው፤ ቃሪያው ይለበልባል። ላይ አዳራሽ ለእንግዳ የሚያቀርቡት «የጾም ቡፌ» ግን የበረደ ሩዝና የበረደ አበባ ጎመን ነው። ሆቴል መመዘን የሚፈልግ ሰው የእንግዳውን ምግብ ትቶ ሠራተኞቹ ለራሳቸው የሚሠሩትን ይቅመስ፤ እጃቸው ምን እንደሚችል ያኔ ያውቃል። ለእንግዳ ለምን እንደማይሠሩት ግን እኔም አልደረስሁበትም።

የዚህ ሁሉ ነገር አመጣጥ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ከእኛው ሰው ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ለቀናት ግብር ያበሉ እመቤት፣ ኋላ ፒያሳ ላይ በገንዘብ የሚበላበትና የሚታደርበት ቤት ከፈቱ። መኳንንቱ ሰው ለበላበት ይከፍላል ወይ ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው እየወሰዱ አብልተው፣ በኋላም እንዲከፍሉ አድርገው አስለመዷቸው ይባላል። ይኸን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ በመኳንንቱ ኋላ ቀርነት ይስቃሉ። እኔ ከመኳንንቱ ጋር ነኝ። ያፈሩት በደንብ ነው። እቴጌይቱ ግን ቢያንስ የምግብ ነገር ያውቁ ነበር፤ ሆቴላቸውም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ከፊሉን እሳት ሲበላው እኔ እንኳ፣ አድሬበት የማላውቅ፣ አዝኛለሁ። በዚያው ዓመት ነው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴል ለሆቴል እየዞረ ኮከብ ለማደል ሲመዝን የነበረው።

መዛኞቹ ይኸን ያደርኩበትን መታጠቢያ ቤት አይተውት ይሆን? ግድግዳው መስታወት ነው። ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰው ሲታጠብ፣ ይባስ ብሎ ሲቀመጥ፣ ወለል ብሎ ይታያል። ብቻዬን ነው ያደርሁት፤ ሆኖም ከራሴ አፍሬ ጋቢዬን በመስታወቱ ላይ አንጠለጠልሁ። ማነው ይኸን የነደፈው? ሚስት የለውም? እናት የለውም? ውኃውም በር ከሌለው መታጠቢያ ፈስሶ ምንጣፉ ጋ ይደርሳል። ሳሙናዋ አንድ ፊት አጥባ ታልቃለች።

መብራቱ ደግሞ ካርድ ካልሰጡት አይበራም። ካርዷን ከግድግዳው ነቅለህ ስትወጣ ቤቱ ይጨልማል፣ ስልክህም ከቻርጀር ላይ ይሞታል። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ከመስኮቴ ሥር ይነሣል፤ ጀነሬተሩ ሲያርፍ ከማዶ ያለው የምሽት ቤት ይቀበላል። መስኮቱ ራሱ የሚያየው ያላለቀ ፎቅ ነው፤ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሞ ቀርቷል። ጸሎት ላድርስ ብዬ ምሥራቅ የት ነው ብል፣ ክፍሉን የሚያጸዱት ሴትዮ ናቸው በጣት ያሳዩኝ፤ ምሥራቅ በልብስ ሳጥኑ በኩል ሆነ።

የከፈለልኝ ጠሪዬ ነው። ቢሆንም ደረሰኙን ሳይ የሚያቃጥለው እኔን ነው። በቃል የሚነግሩህ ዋጋና የምትከፍለው አይገናኝም። መጀመሪያ ለአገልግሎት አሥር ከመቶ ይጨምራሉ፤ ከዚያ አገልግሎቱንም ጠቅልለው አሥራ አምስት ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስቀምጡበታል። 1,000 ብር ያሉህ 1,265 ሆኖ ይወጣል። ታክሱ የመንግሥት ነው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው ነው፣ አልከራከርበትም። የአገልግሎቱ አሥር ከመቶ ግን ለማን ነው? የሲማዳውን ልጅ ጠየቅሁት። ሳቀና ሳሕን ሊያነሣ ሄደ።

ይኸ ሁሉ ያልፍ ነበር፤ ያላለፈው የእህቴ ልጅ ነገር ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ሆቴል ማደሬን ከሰው ሰማች። ስልክ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ቤት እያለኝ ሆቴል? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?» አለች። ስብሰባው ነው አልኋት። «ስብሰባው ቀን ነው፣ ማታስ?» አለች። ለዚህ መልስ የለም። ስልኩን ዘጋችው፤ በሁለተኛው ቀን ስደውልም አላነሣችም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቀን ቀን ማይክሮፎን ይዤ የተጣላ እንዴት እንደሚታረቅ ለባለድርሻ አካላት አስረዳለሁ፤ ማታ ማታ ለገዛ እህቴ ልጅ የምልከው ሽማግሌ አፈላልጋለሁ። ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት ይሆናል። አንዱን ከጋይንት የመጣ ተሰብሳቢ አገኘሁ፤ ሁለተኛው ከአዳራሹ ጎን ሲያስተረጉም የነበረ መምህር ነው። ለሦስተኛው የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ጠየቅሁት፤ ጥፋቱ በእርሱ ቤት የተፈጸመ ስለሆነ ቢያንስ ይቅርታ ይጠይቅልኝ ብዬ። ሰውዬው ጉዳዩን ለእንግዶች ግንኙነት ክፍል እንዳቀርብ መከረኝ። በመጨረሻ የሲማዳውን ልጅ ዕረፍቱን ጠብቀን ይዘነው ሄድን፤ ለሽምግልና ገና ለጋ ነው፣ ግን አፍ አለው።

ታረቀች። ካሳው ግን ከባድ ነው፤ በሚቀጥለው ስመጣ አንድ ሳምንት ሙሉ እሷ ዘንድ ላድር ነው። ቤቷን አየሁት። አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ የእኔ ቦታ ሳሎን ያለው ሶፋ፣ ከሶፋው ፊት ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሦስት ልጆች። እሺ አልሁ፤ ሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም።

አሁን በሶዬን ተረክቤ አገሬ ገብቻለሁ። የስብሰባው ሁለተኛ ዙር በመጋቢት ነው ብለው ደውለዋል። ዐቢይ ጾም ላይ ማለት ነው። እዚያው ሆቴል፣ ቁርስን ጨምሮ። አልጋው፣ ትራሱን አንስተው ብርድ ልብሱን ከፈቱት በኋላ፣ እጅግ ለስላሳ ነው። እሄዳለሁ ብያለሁ፤ ለእህቴ ልጅ የሚነግር እንዳይኖር።