ስክሪፕት ወደ ሲቀላ ለሚያወርዱ

የሙዝ ጭነት መዝገብዎን ሲቀላ ላይ በኡቡንቱ ላፕቶፕ የሚይዙ ከሆነ፣ ውጭ አገር ያለችው የአክስትዎ ልጅ በማኳ የጻፈችውን ስክሪፕት ስትልክልዎ አስቀድመው ያመስግኗት። ከዚያ አያስነሱት። «ሁለቱም እኮ ዩኒክስ ናቸው» ትልዎታለች። ሴቻም ሲቀላም አርባ ምንጭ ናቸው፤ ባጃጁ ሴቻ አውርዶዎት ቤትዎ ሲቀላ ከሆነ ግን የመመለሻው ሂሳብ አይቀርልዎትም። (የዩኒክስነት የምስክር ወረቀቱስ ያለው በማኩ እጅ ነው፤ የእርስዎ ኡቡንቱ «መሰል» ነው። ይህን ለእሷ አይንገሯት።)

ከሁሉ በላይ ሴድን ይፍሩ። ሴድ ጽሑፍ ፈልጎ ይተካል፤ «አይ» የምትባለው አማራጭ ስትታከልበት ለውጡን እዚያው ፋይሉ ላይ ያሰፍራል። የማኩ ሴድ ከ«አይ» ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂውን ቅጥያ ካልሰጡት አይሆንለትም፤ ቅጂ የማይፈልግ ሰው ባዶ የጥቅስ ምልክት ያቀብለዋል። የአክስትዎ ልጅም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የኡቡንቱው ሴድ ባዶዋን ጥቅስ እንደ ትእዛዝ ይቆጥራትና እውነተኛውን ትእዛዝ የፋይል ስም መስሎት ይፈልጋል። «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይልዎታል። በመዝገብዎ ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

መድኃኒቱ «ነጥብ ባክ» የሚለውን ቅጥያ ከ«አይ» ጋር ያለ ክፍት ቦታ ማጣበቅ ነው፤ ያኔ ሁለቱም እሺ ይላሉ። ዲስክዎ በማይፈልጉት ቅጂ ሲሞላ አይማረሩ፤ የዕርቅ ዋጋ ነው። ፖዚክስ የሚባል የጋራ ደረጃ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ ብለውም ሙግት አይግጠሙ። ይህችን «አይ» አያውቃትም።

ትእዛዞችዎን የሚያስፈጽመውን ሼልንም እንዲሁ በሩቁ። ኡቡንቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤስኤች» ሲሉት ባሽን ትቶ ዳሽን ይጠራል። ማክ ደግሞ ባሽን 3.2 ላይ አስቁሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ዚሼል ዞረ። ማንም እርስዎን አላማከረም።

የትናንቱን ቀን ከፈለጉ ለኡቡንቱው የ«ዴት» ትእዛዝ «ዲ» ብለው «የስተርዴይ» ማለት ይበቃል፤ ማኩ «ቪ» ተብሎ አንድ ቀን እንዲቀንስ መታዘዝ አለበት። ኡቡንቱውን በአማርኛ ካስተካከሉት ደግሞ ደረሰኝዎ ላይ «ሴፕቴምበር» ብሎ በግዕዝ ፊደል አሳምሮ ይጽፍልዎታል፤ ነጋዴው ነሐሴ ይሁን መስከረም ቆጥሮ ይድረስበት። ጳጉሜን ስትመጣ ግን ሙሉ ስምምነት አለ፤ የሁለቱም ዴት አያውቃትም። ስለዚህ በጳጉሜን የሚከፈል ሂሳብ የሚያሰላ ስክሪፕት ይጻፉና ለአክስትዎ ልጅ ይላኩላት። ማኳ ላይም ልክ እንደ ሲቀላው ይሳሳታል።