ስለ ጣሪያ ሶላር ግራውንድና ስለማይስማሙ ብረቶች ጉርብትና የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 2.00

የጣሪያ ሶላር ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ የግራውንድ ገመዱ መዳብ፣ ብሎኑ ብረት፣ መቀመጫው ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ በመሆኑ፤

አራቱም በበጋ ተከባብረው ቢኖሩም ውሃ በመካከላቸው በገባ ጊዜ አንዱ ሌላውን መብላቱ የማይቀር በመሆኑ፤

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር 35 ከመቶ የሚሆነውን ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጪ፣ በተለይም በሶላር፣ ለማዳረስ በማቀዱ፤ ፓኔል ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥርም በወጉ ያልታሰረ ሽቦ አብሮት የሚወጣ በመሆኑ፤

የተፈጥሮ ሕግ ጉቦ፣ አማላጅና ይግባኝ የማይቀበል ሆኖ ስለተገኘ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. ትርጓሜ

«ግራውንድ» ማለት የፓኔሎችን ፍሬምና የተሸከማቸውን ብረት ሁሉ እርስ በርስ አገናኝቶ፣ በገመድ አውርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ማሰር ነው፤ የይዞታ ደብተር አያሰጥም። «ገጣሚ» ማለት ክፍያውን ተቀብሎ ከመሰላሉ የወረደ ሰው ነው። የአዋጁ ቁጥር የተወሰደው በመዳብና በአሉሚኒየም መደበኛ ፖቴንሻል መካከል ካለው የ2 ቮልት ልዩነት ነው።

አንቀጽ 2. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከዳባት ተነሥቶ፣ በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ እስከ ዛሪማ ድረስ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። በደጋው ጭጋግና ጤዛ ማሰሪያውን ሲያረጥቡ፣ በቆላው ደግሞ የደረቀ አፈር ለኤሌክትሪክ መንገድ ይነፍጋል። በ12 ቮልት የሚሠሩ ትንንሽ የመብራት ሶላሮች ከግራውንድ ግዴታ ነጻ ሲሆኑ ከዝገት ግን ነጻ አይደሉም። የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ሶላር እስኪያስገቡ ድረስ አዋጁ አይመለከታቸውም።

አንቀጽ 3. የብረቶች ማዕረግ

በእርጥበት ጊዜ ማዕረጉ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይሆናል፦ የማይዝግ ብረት፣ መዳብ፣ ተራ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ። ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ካገናኛቸው፣ ዝቅ ያለው እንደ ገባር ለበላዩ ይገብራል፤ ግብሩም የገዛ አካሉ ነው። ይህ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ቆርቆሮ ቢጫርም ቶሎ የማይዝገው ዚንኩ ስለ ብረቱ ስለሚገብርለት ነው። መጠንም ይቆጠራል። ትንሽ የማይዝግ ብሎን በሰፊ አሉሚኒየም ላይ ቢገባ ጉዳቱ በሰፊው ስለሚከፋፈል ብዙም አይጎዳም። በሰፊ መዳብ ላይ የተመታ ትንሽ የአሉሚኒየም ሪቬት ግን ግብሩን ብቻውን ከፍሎ ያልቃል።

አንቀጽ 4. ስለ ፍሬም

የፓኔል ፍሬም ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለሆነም ገመድን በፍሬም ላይ ጠምጥሞ መሄድ ግራውንድ አይባልም። አምራቹ የግራውንድ ምልክት ባደረገበት ቀዳዳ ላይ ሽፋኑን ነክሶ የሚገባ ጥርሳም ሮንዴላ ይደረጋል፤ በማይዝግ ብሎንና ዳዶም ይጠብቃል። ከዚያም በመልቲሜትር ይለካል፤ ከፍሬም እስከ ዘንጉ ራስ ያለው ንባብ ወደ ዜሮ ኦም የተጠጋ ካልሆነ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5. ስለ መዳብ መኖሪያ

ራቁት መዳብ አሉሚኒየምን መንካት፣ በቆርቆሮ ላይ መጎተትም ሆነ ከቆርቆሮ በላይ መንጠልጠል ተከልክሏል። ከመዳብ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ የሟሟ መዳብ ይዞ ስለሚወርድ፣ ባይነካካም ዚንኩን ይበላል። ስለዚህ ገመዱ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ጫፉም በቲን በተለበጠ መያዣ የታሰረ ይሁን፤ መገናኛውም ዝገት የሚከላከል ግሪስ ይቀባ። ቆርቆሮ ሲበሳ የሚረግፈው የብረት ብናኝ የዚያኑ ዕለት ይጠረግ፤ ካልተጠረገ በመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያው ቀይ በቀይ ይነጠብጣል።

አንቀጽ 6. ስለ መሬት ዘንግ

ዘንጉ 2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጠልቆ፣ ቢቻል የአሸንዳ ውሃ በሚወርድበት ይተከል። አለት ያጋጠመው ሰው ዘንጉን ግማሽ ላይ ቆርጦ «ገብቷል» ማለት አይችልም፤ ቦይ ቆፍሮ በአግድም ይቅበር ወይም ሌላ ዘንግ አራርቆ ተክሎ ያገናኝ። ጨው መነስነስ መሬቱን ለአንድ ክረምት ቢያግባባም ዘንጉን ይበላል። የሶላሩና የቤቱ ዘንጎች ሁለት ከሆኑ በገመድ ይተሳሰሩ። ግራውንድ በቀጥታ የሚወርድ መብረቅን አያስቀርም፤ ኢንቨርተሩ የራሱ የመብረቅ መከላከያ ያስፈልገዋል።

አንቀጽ 7. አስገዳጅ የሰበር ውሳኔ

በኒው ዮርክ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1886 የተመረቀው የነጻነት ሐውልት ከመዳብ ቆዳና ከብረት አጥንት የተሠራ ነው። ሁለቱን የለየው በሙጫ የተነከረ የአስቤስቶስ ንጣፍ ሲያረጅ ውሃ ገባ፤ ብረቱም ዝጎ አብጦ የመዳቡን ሪቬቶች ነቀለ። ሐውልቱ በ1986 ታድሶ ሲያልቅ የዛገው ብረት በማይዝግ ብረት ተተክቶ ነበር። ለዚያ ሐውልት ያልተደረገ ምሕረት ለአንድ የቤት ጣሪያ አይደረግም።

አንቀጽ 8. ስለ አስፈጻሚ አካልና ቅጣት

የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አስፈጻሚ፣ የማለዳ ጤዛ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሹመዋል፤ አበል አይጠይቁም። ቅጣቱ በድብቅ ይጀምራል። ከማሰሪያው ሥር ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ገመዱ እንደታሰረ ይታያል፤ ኤሌክትሪኩ ግን መንገድ ያጣል። ከዚያ የአንድ ሽቦ ሽፋን ሲላጥ ፍሬሙ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ፓኔል ብርሃን እስካየ ድረስ ማመንጨቱን ስለማይተው ጠፍቷል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ተከታትለው የተያያዙ ፓኔሎች ቮልቴጅም ይደማመራል። ስለዚህ ቅጣቱ የሚያርፈው በገጣሚው ላይ ሳይሆን አቧራ ሊጠርግ መሰላል በወጣው ሰው ላይ ነው። ይህን ለማስቀረት ማሰሪያው ሁሉ በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ ይታይ፤ የላላው ይጥበቅ፤ ነጭ ዱቄት የያዘው ተፈትቶ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ይታሰር።

አንቀጽ 9. የተሻሩ ልማዶች

«ለጊዜው ይያዝ»፣ «ምንም አይልም» እና «ጎረቤትም እንዲሁ ነው ያሠራው» የሚሉ ልማዳዊ ሕጎች በሙሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው የመጀመሪያው ጠብታ ካረፈባቸው ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል።