ጌጁ ምን ይላል?

እኔን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል፤ የትንሽ አውሮፕላን የነዳጅ ጌጅ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት እየተከራየሁ የማበራት አሮጊት አውሮፕላን ሁለት ጌጅ አላት፤ አንዱ ለግራ ክንፍ፣ አንዱ ለቀኝ። ማንም አያምናቸውም። ስለዚህ አብራሪ ተብዬው መሰላል ተሸክሞ ይመጣል፤ ክንፉ ላይ ተንጠራርቶ ክዳኑን ይከፍትና ቁጥር የተጻፈበት ቱቦ ሰልባትዮው ውስጥ ይነክራል። አውጥቶ ዓይኑን አጨንቁሮ ያነባል። ጌጁ ግን እዚያው ተቀምጧል፣ ለወጉ።

በላዳ ታክሲ ያደገ ሰው ይህ ብርቁ አይደለም። የላዳ ሹፌር ጌጁ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ቤንዚን ሲያልቅበት ዳር ይይዝና ሃይላንድ አንጠልጥሎ ወደ ማደያ ይሮጣል። ተሳፋሪ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከሂሳቡ ያስቀንሳል፣ አለቀ። አንድ ሺህ ሜትር ላይ ግን ዳር የሚያዘው የቱ ጋ ነው?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ጠቋሚውም ይከተለዋል። ሰልባትዮው ግን ክንፍ ውስጥ የተጋደመ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ዘንበል ባልን ቁጥር ነዳጁ ወደ ጥግ ይሸሻል። ነፋስ ሲያንገላታንማ ጠቋሚው እስክስታ ይወርዳል። ደግሞ የተሞላው ሁሉ አይቃጠልም፤ አዳዲሶቹ ሴስና 172 አውሮፕላኖች የሚይዙት 56 ጋሎን ሲሆን፣ አብራሪው የሚቆጥረው 53ቱን ብቻ ነው።

የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። ከጌጆቹ ስንዝር ራቅ ብሎ ኪራይ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊት እንዳገኘ ይጀምራል፤ በየ6 ደቂቃው ይጨምራል። ንፋስ አይል፣ እርጅና አይል! ወረፋ ይዤ መሬት ላይ ስቆምም ይቆጥርብኛል። ገንዘቤን የሚለካው ዕቃ ፍንክች አይልም፤ ነፍሴን የሚለካው ይጨፍራል። ይህ ጤና ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለአከራዬ ታስቦ የተሠራው?

እርግጥ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አያዝንልኝም። ከ2011 እስከ 2015 በነዳጅ ጉዳይ በዓመት በአማካይ ከ50 በላይ አደጋ መድረሱን ገልጾ፣ የዕቃ ብልሽት እጁ ያለበት 5 በመቶው ላይ ብቻ ነው ብሏል። የቀረው የሰው ነው።

እናቴ በስልክ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ ሞልተህ አትነሳም ልጄ?» አለችኝ። ሞልቶ መነሳትም ጣጣ አለው። 53 ጋሎን ቤንዚን 144 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ማለት ነው። መቀመጫው አራት ነው፣ ግን ሙሉ ነዳጅና አራት ደህና የበሉ ሰዎች አብረው አይነሱም። ማን ይቅር በሚለው ጓደኞቼ እስካሁን አልተስማሙም። እናንተም አንድ ቀን ብትጋበዙ ክብደታችሁን ትጠየቃላችሁ፤ አትቀየሙ፣ እውነቱን ተናገሩ።