አንድ ሴት ይቀርዎታል

በእኛ ጊዜ ሰው ከሰው ተለያይቶ ሲገናኝ የመጀመሪያው ምርቃት «ወፍረሃል! ተመችቶሃል!» የሚል ነበር። የተባለውም ሰው ቦርጩን መታ መታ አድርጎ «ተመስገን» ይላል። «ከሳህ» ከተባለ ግን ነገር አለ፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሥራ ታግዷል፣ ወይ ትዳሩ ታውኳል። እኔም 36 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ አገልግዬ ያፈራሁት ንብረት ቢመዘገብ አንድ ቤት፣ አራት ልጆችና ይህች ቦርጭ ናት። ቤቱን ልጆቼ ይካፈሉታል፤ ቦርጯ ግን የግሌ ናት፣ አብራኝ ትቀበራለች ብዬ ነበር። ይኸው በ68 ዓመቴ እሷንም አስረክብ ተባልኩ።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪም ዘንድ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴን ላስጽፍ ገባሁ፤ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «አባባ፣ ክብደት ይቀንሱ» አለኝ። «ከየት?» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። ዕድሜውን በሒሳብ የፈጀ ሰው «ቀንስ» ሲባል ከየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚቀነስ ይጠይቃል። ከደመወዝ ነው? ከውሎ አበል ነው? ከነዳጅ ነው? እሱ ግን መልሱን ሳይሰጠኝ ቀጣዩን ባለ ተራ ጠራ። ያቺ መልስ ያጣች ጥያቄ ናት ዓመት ሙሉ ያንገላታችኝ።

ሁዳዴ እየገባ ነበርና «ጽድቁም ክሳቱም በአንድ መንገድ» አልኩ። 55ቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ግማሽ እንጀራ በጎመን እቀምሳለሁ፣ በቃ። ምስሩንም ሽሮውንም «ያወፍራል» ብዬ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በእግሬ መስቀል አደባባይ ድረስ እሄዳለሁ። ወጣቶቹ ደረጃውን ከዳር ዳር ሲሮጡት እኔ ዳር ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ስመለስ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ፤ ሳንቲሜን ከፍዬ እወጣበታለሁ። በ86 ኪሎ ጀምሬ ለፋሲካ ዋዜማ 76 ገባሁ። ልጁ «አባባ፣ ጎበዝ!» ሲለኝ ወርቅ ያጠለቅኩ መሰለኝ።

ሰፈሩ ግን ወርቁን አላየም። ያገኘኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ይላል። የባለቤቴ እህቶች ብርቱካን ይዘው በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ፤ በሽተኛው በር ከፈተላቸው። የእድራችን ጸሐፊማ ከእግር እስከ ራስ ገረመመኝና «ወርኃዊው ተከፍሏል አይደል?» አለኝ። ሰው እንደዚህ በቁሙ ሒሳቡ ይዘጋል?

ከዚያ ለቅሶው መጣ። የፋሲካ ሰሞን አንድ ጎረቤታችን አረፈና ድንኳን ገባሁ። ወንበሩ ሞልቶ ዝቅ ያለች በርጩማ ደረሰችኝ። ትንሽ ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና እምቢ። በሦስተኛው ወደ ፊት ተደፋሁና የፊት ለፊቴን ሰውዬ ጉልበት ይዤ ቀረሁ። ሁለት ጎረምሶች በግራና በቀኝ ብብቴ ገብተው አነሡኝ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት «እዩ! ሐዘኑ ጉልበታቸውን ሰበረው! ምን ያህል ቢወዱት ነው!» ብለው ጮኹ፤ ረገብ ብሎ የነበረው ልቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። እኔና ሟች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምንተዋወቀው በአጥር ክርክር ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ ነርስ የሆነችው የልጄ ልጅ ጭኔን ጨበጥ አድርጋ «አባባ፣ የቀነሱት ጮማ ብቻ አይደለም» አለችኝ። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ከሁለት ካዝና ያወጣል አለች፤ ከጮማውም ከጡንቻውም። ያኔ ገባኝ። ጡንቻ ደመወዝተኛ ነው፤ ቁጭ ብሎም ይበላል። ሥራ ካልተሰጠውና ደመወዙ ካልተከፈለው፣ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው። ሥራው ክብደት ማንሳት፣ ደመወዙ ፕሮቲን ነው። ሁለቱንም ነሥቶ የሚከሳ ሰው ከሚቀንሰው ኪሎ ሩብ ያህሉ ጮማ ሳይሆን ጡንቻና የመሳሰለው ሊሆን ይችላል አለችኝ። ከ10 ኪሎ ሩቡን አሰላሁ። 2 ኪሎ ተኩል! ለካ በዚያ በሁዳዴ፣ ቅቤ እንዳይነካኝ እየተጠነቀቅኩ፣ ከገዛ ጭኔ 2 ኪሎ ተኩል ሥጋ ስበላ ከርሜያለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?

በሽታውም ስም አለው አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ኧርዊን ሮዘንበርግ የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ «ሳርኮፔኒያ» ብለው ሰይመውታል፤ በግሪክ የሥጋ ድህነት ማለት ነው። ለጡረተኛ የሥጋ ድህነት አዲስ ዜና ነው እንዴ? ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሜ ዋጋውን አንብቤ የምመለሰው ስንት ጊዜ ነው! የእሳቸው ግን በውስጥ ያለው ነው። ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 ወዲያማ ይፈጥናል። እኔ ደግሞ ራሱ እየሄደ ያለውን ገፍቼ አስወጣሁት።

ከፋሲካ በኋላ ዶሮውም፣ ጠላውም፣ «እስቲ ትንሽ ያገግሙ» የሚለውም ጎረቤት ተባብሮ እስከ ሐምሌ 84 አደረሰኝ። ሲሄድ ከሁለት መደብ የወጣው ሲመለስ በአብዛኛው ወደ ጮማው መደብ ገባ። በእኔ ዘመን ገንዘብ ያለ መደቡ ያዋለ ሰው ይከሰስ ነበር።

ልጅቷ እጄን ይዛ ጂም ወሰደችኝ። አሠልጣኙ ዕድሜው የእኔን ካፖርት አያክልም፤ ክንዱ ግን የእኔን ወገብ ያክላል። ገና እንዳየኝ «ፋዘር!» አለኝ። እኔ እሱን አልወለድኩም፤ ብወልደው ኖሮ እጅጌ ያለው ልብስ አለብሰው ነበር። «ሌላውን ተውልኝና ቦርጬን ብቻ አጥፋልኝ» አልኩት። «ፋዘር፣ ጮማ ከየት ቦታ እንደሚወርድ እኛ አንመርጥም፤ ሆድ ላይ መቶ ጊዜ ቢታጠፉም የሆድ ጮማ ለብቻው አይቀልጥም። የምንመርጠው የሚወርደው ጮማ ይሁን ጡንቻ ነው» አለኝ። ቆም አልኩ። ሐኪሙ የነፈገኝን መልስ ይህ እጅጌ የሌለው ልጅ ሰጠኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ከዚያ ያለ ርኅራኄ ጀመረ። ከወንበር ያለ እጅ ተነሥ፣ ተቀመጥ። ላስቲኩን ወደ ደረትህ ሳብ። ግድግዳውን ግፋ። ውኃ የሞላ ጀሪካን በግራና በቀኝ አንጠልጥልና ሂድ። በልጅነቴ ከምንጭ ውኃ ተሸክሜያለሁ፣ ነፃ ነበር፤ አሁን በወር እየከፈልኩ ጀሪካን እሸከማለሁ፣ ያውም ውኃውን መልሼ እዚያው ላስቀምጠው። አሥር አሥር ጊዜ ሠርቶ ማረፍ ደግሞ በእነሱ ቋንቋ «ሴት» ይባላል። ይህች ቃል ናት ያዋረደችኝ። አንድ ቀን ባለቤቴ ደውላ «የት ነህ?» ስትለኝ ልጁ ከኋላዬ ባለ በሌለ ድምፁ «ፋዘር፣ ሁለት ሴት ጨርሰዋል፣ አንድ ሴት ይቀርዎታል!» አለ። ስልኩ ዝም አለ። ቆይቶ «አንተ ሰው፣ በስንት ዓመትህ?» የሚል ድምፅ መጣና ተዘጋ። የዚያን ዕለት ማታ ያገኘሁት ፕሮቲን ዜሮ ግራም ነው።

«ዕድሜዬ አልፏል» ብዬ ላመልጥም ሞክሬ ነበር። የልጅ ልጄ ያን በርም ዘጋችው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ አንድ ጥናት ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው 10 አዛውንት ለ8 ሳምንት ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9 ሰዎች የእግር ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ አለችኝ። እነዚያን ሽማግሌዎች አንድም ቀን ሳላገኛቸው ተቀየምኳቸው። ዝም ብለው ቢጦሩ ምን ነበረበት? የዓለም ጤና ድርጅትም አያርፍም፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። ጡረታ መውጣቴን የነገራቸው የለም።

ምግቡ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የአንድ ኪሎ የሰውነት ጮማ ዋጋ ወደ 7700 ካሎሪ ነው፤ በቀን 500 ካሎሪ ብትቆጥብ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቀስ በል፣ አትቸኩል፣ የሚቸኩል ሰው ጡንቻውን ይበላል ይላሉ። እሺ። ግን ባለቤቴን ማን ያስቁም? ቁሌቷን ስትጀምር ዘይቱን በዓይኗ ነው የምትለካው። አንድ ቀን ሠርቄ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት፤ አራት ማንኪያ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ አራቱ 480። ለሁለት ብንካፈለው እንኳ የቀኑ ቁጠባዬ እኩሌታ ሽንኩርቱ ላይ ፈሰሰ። ብነግራት «እናቴ ዘጠኝ ልጅ ያሳደገችበትን ቁሌት ኦዲት ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

ፕሮቲኑስ? ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ እንደ እኔ ላለ ሽማግሌ በኪሎ 1.2 ግራም ገደማ ይመከራል፤ በ84 ኪሎዬ በቀን 100 ግራም መሆኑ ነው። እኔ 100 ግራም ሥጋ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አይደለም፤ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ውስጥ ፕሮቲኑ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ በእንቁላል ብቻ ልሙላው ብል 17 ይፈጃል። በዚህ የእንቁላል ዋጋ ዶሮዋን ማግባት ይቀላል።

ጾሙንማ ማን ያስረዳልኝ? ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፤ ለእኛ ለምእመናኑ እንኳ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። መፍትሔው ግን ለካ እኔ «ያወፍራል» ብዬ ያባረርኩት ዘንድ ነበር። ደረቅ ምስር ከ100 ግራሙ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ሽምብራም ብዙ አይርቅም። እንግዲህ እንጀራው ቀነሰ፣ ምስሩ ተቆለለ፣ ሽሮው ወፈር አለ፣ ጠዋት የባቄላ ንፍሮ፣ ማታ የሽምብራ ቆሎ። ሆዴ ሲንጓጓ የሚያድረውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ትራሷን ይዛ ሳሎን መግባቷን ብቻ መዝግቡልኝ።

በቅርቡ ከአሜሪካ የመጣ አብሮ አደጌ «ምን አደከመህ? እኔ በሳምንት አንድ መርፌ ተወግቼ ነው የከሳሁት» አለኝ። ቀናሁ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩትና ሲነሣ አየሁት፤ ጠረጴዛውን ይዞ ነው የተነሣው። መርፌውም እንደ ሐኪሜ ነው፤ ቀንስ ይላል እንጂ ከየት አይልም። የእሱም ሐኪም ክብደት አንሣ፣ ፕሮቲን ብላ ብሎታል። «ናና ጀሪካን ተሸከም» አልኩት።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አስፋልት ዳር ወዳለው ልጅ ስሄድ ሚዛኑ 78 ይላል። «አባባ፣ የፊቱ ይሻል ነበር፤ ያኔ በሁለት ወር 10፣ አሁን በግማሽ ዓመት 6?» ብሎ አዘነልኝ። ለእሱ ኪሎ ኪሎ ነው፤ ሚዛን የሒሳብ መደብ አያውቅም። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ በሜትር አስለካሁ። ለወንድ የወገብ ዙሪያ ከ102 ሴንቲ ካለፈ ለልብም ለስኳርም አደጋው ከፍ ይላል ይባላል፤ 107 የነበርኩት 99 ሆኛለሁ። ሰፊው ሱሪዬን ከወገቡ አጠበበና ጭኑ ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ግን ልልቀቀው?» አለኝ። ይህን የመሰለ ሙገሳ ከተሞሸርኩ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ጥር ላይ ደግሞ ሌላ ለቅሶ መጣ፤ በዚህኛው ሟች እውነተኛ ወዳጄ ነበር፣ አርባ ዓመት ቡና አብረን የጠጣን። ድንኳን ገባሁ፤ ያቺው በርጩማ ጠበቀችኝ። ልቤ እያለቀሰ ተቀመጥኩ። ልሰናበት ስል ጎረምሶቹ ከሩቅ አይተውኝ ሊያነሡኝ ቸኮሉ። እኔ ግን እጄን የትም ሳላስደግፍ፣ ልክ እንደ ጂሙ፣ ቀጥ ብዬ ተነሣሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ዞርኩ።

ከሴቶቹ በኩል እኚያው እናት ከንፈራቸውን መጠጥ ሲያደርጉ ሰማሁ፦ «አይ የዘንድሮ ሰው! እንደዚያ አብረው ኖረው… ምንም አልመሰላቸውም እኮ።»