የሚቀጥለው እሁድ አንበሳ

ቤተሰብን አራዊት ለማሳየት የሚወጣውን ወጪ ወደ ዜሮ ያወረደ ጥበብ በኮልፌ ቀራንዮ አለ። ባለቤቶቹ አባወራዎች ናቸው፣ ጥበቡም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በሚቀጥለው እሁድ እንሄዳለን።» ታክሲ አይከፈልበትም፣ ትኬት አይቆረጥበትም፣ ክረምት አያስተጓጉለውም። የወተት ዋጋ በየወሩ ሲንር እንኳ ተስፋ አሁንም በነጻ ይታደላል።

ነገሩ ዝም ብሎ ቃል መስጠት እንዳይመስላችሁ፣ ጥናት አለበት። እሁድ ከቀትር በኋላ አየር ጤና ካሉት ቁርጥ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና አጥኚውን በሥራው ላይ እዩት። ግማሽ ኪሎው ቀርቧል፣ ሚጥሚጣውና አዋዜው ተደርድሯል፣ የሁለተኛው ድራፍት አረፋ ገና አልጠፋም። ሰውዬው በቢላው ጫፍ አየር ላይ እየጻፈ ለጓደኛው ያሰላል። «እኔ፣ እሷ፣ ሦስቱ ልጆች፤ አምስት ነን። ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ 6 ኪሎ አንበሳ ግቢ። ደርሶ መልስ። ሠላሳ ሒሳብ ልከፍል ነው እኮ! በር ላይ ደግሞ ትኬት አለ። ትንሿ ቺፕስ ካልተገዛልኝ ብላ ትቀመጣለች። ኧረ በዚህ ኑሮ!» ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል። እውነትም ኑሮ ከብዷል። ሌላ ግማሽ ኪሎ ይታዘዛል።

ሚስት፣ ምስኪን፣ የኢኮኖሚ ነገር አይገባትም። «ዳቦ እጋግራለሁ፣ እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ውሃውን በሃይላንድ እይዛለሁ። ምን ያስወጣናል?» ትላለች። አባወራው ይቆጣል። «ሰው ምን ይለናል? የእኔ ልጆች ቋጠሮ ይዘው ሣር ላይ ሊበሉ?» ስለዚህ በክብር እቤት ይውላሉ።

ትዕግሥቱም ይደነቃል። አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ በመስከረም 2012 ሲከፈት፣ የእኛውን ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ ጭምር የሚያሳየው መደበኛ ትኬት 200 ብር ነበር፤ የቪአይፒውን 1,000 ብር አናንሳው። አባወራችን «ይወደዳል፣ ትንሽ ይርከስና እንሄዳለን» አለ። በዚህ አገር የጨመረ ዋጋ ተመልሶ ሲወርድ የት እንዳየ እሱ ያውቃል። ያኔ መዋዕለ ሕፃናት የነበረችው ልጁ በተስፋው ላይ እንዳለች የ6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደረሰባት፤ 200 ብሩም እዚያው ቁርጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰው የማያጠግብ ሆኖ አረፈው።

ልጆቹ ግን አንበሳ አላዩም ማለት ስም ማጥፋት ነው። አዲስ አበባ ለቆጣቢ አባት ስንት ነጻ አንበሳ አዘጋጅታለች! ቀይና ቢጫው የአንበሳ አውቶቡስ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ ልጅ ሲታመም እግረ መንገድ ይጎበኛል። አንበሳ ጫማ አለ፣ አንበሳ ባንክ አለ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የድንጋዩ ተገትሯል። ገንዘብ ማየት የሚወድ ደግሞ የ1 ብር ሳንቲም ገልብጦ ጎፈሩን ይዳስሳል። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ እንኳ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዘርፎ ሮም ደርሶ፣ በ1950ዎቹ አገሩ ተመልሷል። ሐውልት ባሕር ተሻግሮ በተመለሰበት አገር ከኮልፌ 6 ኪሎ መድረስ ያቃተው ልጅ አለ። የአንድ ጎረቤቴ ልጅ አንበሳ ሥል ተብሎ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ቢጫ ቀባው። መምህሩ ሳቁበት። ልጁ ምን አጠፋ? የሚያውቀውን አንበሳ ነው የሣለው፤ ጎማ ብቻ ነው የረሳለት።

ጅብማ ከነጭራሹ አያሳስብም። በኮልፌ የጫካ ጥግ ያለ ቤተሰብ ሌሊት ጆሮውን ቢያቆም፣ እሱ ራሱ ያለ ትኬትና ያለ ሰልፍ መጥቶ ይጮህለታል።

በጀት አነሰኝ ማለት ደግሞ የአባወራ ብቻ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት የ6 ኪሎው አንበሳ ግቢ፣ በ1999 ዓ.ም. ለደቦሎቹ ቀለብና ቦታ አጥቶ በመርዝ እየገደለ ቆዳቸውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ነጋዴዎች እንደሚሸጥ በዓለም ዜና ተሰማ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የግቢውን 15 አንበሶች ዘረመል መርምረው በዘራቸው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ናቸው አሉ። ሲወርድ ሲዋረድ በተነገረው መሠረት ዘሩ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተያዙ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች የመጣ ነው። ከዚህ ዘር የተወለደ ደቦል ነው እንግዲህ ለቀለብ ታጥቶ የተመረዘው። ጎብኚ ሁሉ እንደ አባወራችን በተስፋ ቢጎበኝ፣ ግቢው ሥጋውን በተስፋ ሊገዛ ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ታክሲውም ትኬቱም ይክበድ እንበል። የጉለሌ እጽዋት ማዕከልስ? 705 ሄክታሩ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች መካከል ነው የተዘረጋው፤ ለብዙው ኮልፌ ጎረቤት ነው። ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ቦታ ነው። አንበሳ የለውም። የምኒልክ ድኩላ ግን ጥድና ቁጥቋጦ ውስጥ ለውስጥ ብቅ ይላል፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳም ሞልቶታል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ለሄደ፣ የሚያፍርበት ሰው ዛፍ ብቻ ነው። አባወራው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ «ዳገት ነው።»

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ አንድ ማሻሻያ በበጀትህ ላይ አቀርባለሁ። የአንበሳ ግቢው ይሁን የእጽዋት ማዕከሉ፣ በሩ መቼ እንደሚከፈትና ስንት እንደሚከፈል ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ፣ ልጆቹን ይዘህ በዚህ እሁድ ሂድ፤ ለሚቀጥለው እሁድ የሚተላለፈው ቁርጡ ይሁን። እስከዛሬ ሲተላለፍ የኖረው የልጆቹ ተራ ነው።